ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ ነባሩን ፕሪንተርና ስካነር ምን እናድርገው? የአማራጮች ንጽጽር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሸጋገረ ወይም አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከጎኑ ካሉት መሣሪያዎች የሚመጣ ነው። ትናንት ያለ እንከን ያትም የነበረው ፕሪንተር ዛሬ አይታወቅም፤ ስካነሩ መብራቱ ይበራል እንጂ ምስል አይልክም፤ ለባልደረቦች የተጋራው ፕሪንተርም የስህተት ቁጥር ብቻ ይመልሳል። ባለሙያ ሲጠራ ደግሞ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ይሄ አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ» የሚል ነው።

ዕድሜ ግን ብቻውን ምንም አይወስንም። በ1997 ገበያ ላይ የዋለው ኤች ፒ ሌዘርጄት 4000 ፒሲኤልና ፖስትስክሪፕት የተባሉትን የኅትመት ቋንቋዎች ራሱ ስለሚያውቅ ዛሬም በአጠቃላይ ድራይቨር (ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር ነው) ሊያትም ይችላል፤ ከእሱ ብዙ ዓመት ዘግይተው የተሠሩ ርካሽ የዩኤስቢ ስካነሮች ግን ከናካቴው አይነሡም። ልዩነቱ የሥራው አንጎል የት እንዳለ ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ ነው ወይስ በኮምፒውተሩ ላይ በተጫነው ድራይቨር ውስጥ? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

አማራጮቹ የሚመዘኑባቸው መመዘኛዎች

የመጀመሪያው መመዘኛ ደኅንነት ነው፤ መፍትሔው ጥገና የማያገኝ ሶፍትዌር ከኔትወርኩ ጋር እንዲገናኝ ያስገድዳል ወይ? ሁለተኛው ሙሉ ወጪው ሲሆን ይህም የመግዣውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቶነሩን፣ የቀለሙንና የባለሙያውን ክፍያ ያካትታል። ሦስተኛው ዘላቂነት ነው፤ ዛሬ የተሳካው ነገር በሚቀጥለው ትልቅ የዊንዶውስ ዝመና የሚፈርስ ከሆነ የገዛነው መፍትሔ ሳይሆን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አራተኛው የሚጠይቀው ሙያ ነው፤ ባለሙያ አንድ ጊዜ ዘርግቶት ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ ብቻዋን የምትጠቀምበት ዘዴና በየሳምንቱ ባለሙያ የሚያስጠራ ዘዴ እኩል አይደሉም።

አምስተኛው የሥራው ጥራት ነው። መሣሪያው «ሠራ» ማለት እንደ ቀድሞው ሠራ ማለት ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ እንደ ኤፕሰን ኤልኪው 300 ያለ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር በዊንዶውስ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ በሚልከው አጠቃላይ ድራይቨር ቢጫን የላቲኑን ፊደል ያትማል፤ የግእዝ ፊደል ግን በፕሪንተሩ ውስጥ ስለሌለ በአማርኛው ምትክ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው ቁምፊ ይወጣል። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ገጹን እንደ ምስል አድርጎ የሚልክ ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሙከራው ከዊንዶውስ በሚወጣው የእንግሊዝኛ የሙከራ ገጽ ሳይሆን በራሱ ሰነድ መደረግ አለበት።

መሣሪያው ለምን ይቆማል?

ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው።

ትልቁ ምክንያት ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ የሚመጣ መሆኑ ነው። ለ32 ቢት የተጻፈ ተራ ፕሮግራም በላዩ ላይ መሥራት ቢችልም፣ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር ግን አይጫንም። ሜሞሪያቸው አነስተኛ በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ መጫን የተለመደ ስለነበር፣ ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ስካነር በዝውውሩ ዕለት በድንገት የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። እንደ ካኖን ላይድ 20 ያሉ ስካነሮች ከአምራቹ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ስላልወጣላቸው ኢንተርኔት ላይ ቀኑን ሙሉ ቢፈለግ የሚገኝ ነገር የለም። በአፕል በኩልም በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ በማስቀረቱ ብዙ የስካነር ሶፍትዌሮችን በተመሳሳይ መንገድ ከጥቅም ውጭ አድርጓል።

ሁለተኛው ምክንያት የፊርማና የጥበቃ ጉዳይ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ወደ ስርዓቱ ልብ የሚገባ ድራይቨር ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው ያስገድዳል። ከዚህም በተጨማሪ በዊንዶውስ 11 «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የተባለው ጥበቃ ሲበራ ያረጁ ድራይቨሮችን ሊያግድ ይችላል። ጥበቃውን አጥፍቶ መሣሪያውን ማስነሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንድ ስካነር ሲባል የኮምፒውተሩን በር ከፍቶ ማደር ነው፤ የደንበኛ ሰነድ ለሚይዝ ቢሮ አልመክረውም።

ሦስተኛው ምክንያት የፕሪንተሩ አሠራር ነው። በየጽሕፈት ቤቱ የሚታዩት ኤች ፒ ሌዘርጄት 1018ና 1020፣ እንዲሁም ካኖን ኤልቢፒ 2900፣ ገጹን የሚያዘጋጅላቸው ኮምፒውተሩ ነው። እንዲያውም 1018ና 1020 ሲበሩ የሚሠሩበትን ፈርምዌር የተባለ ውስጣዊ ሶፍትዌር እንኳ ከኮምፒውተሩ ካልተቀበሉ አያትሙም። ለእነዚህ ፕሪንተሮች አጠቃላይ የፒሲኤል ድራይቨር መጫን ዋጋ የለውም፤ የራሳቸው ድራይቨር ግዴታ ነው። ደግነቱ ለሦስቱም ባለ 64 ቢት ድራይቨር ተዘጋጅቶላቸዋል።

አራተኛው ምክንያት ማገናኛው ነው። አዲስ ላፕቶፕ የድሮ ፕሪንተሮች የሚሰኩበት ሰፊው የፓራለል ወደብም ሆነ ሚዛንና የደረሰኝ ማተሚያ የሚሰኩበት የሲሪያል ወደብ የለውም። ሲሪያልን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይሩት ኬብሎች ውስጥ ብዙዎቹ ፕሮሊፊክ ፒኤል2303 የተባለውን ቺፕ ወይም የእሱን አስመስሎ የተሠራ ቅጂ የያዙ ናቸው፤ የፕሮሊፊክ አዲሱ ድራይቨር ደግሞ የቆዩትንና የተቀዱትን ቺፖች ለይቶ ሥራ ያስቆማል። የተገናኙትን መሣሪያዎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቺፑ ከምርት መውጣቱን ወይም የፕሮሊፊክ አለመሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከታየ ችግሩ ከሚዛኑ ወይም ከደረሰኝ ማተሚያው ሳይሆን ከኬብሉ ነው፤ ኤፍቲዲአይ ወይም ሲኤች340 ቺፕ ባለው ኬብል መተካት ይበቃል።

አምስተኛው ኔትወርክ ነው። በ2021 በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ከተገኘ በኋላ ማይክሮሶፍት ያወጣቸው ጥገናዎች ፕሪንተር መጋራትን አጥብቀውታል፤ ቁጥሩ በ11ቢ የሚያልቀው የስህተት መልእክት በየቢሮው የተስፋፋው ያን ጊዜ ነው። ስካን ያደረጉትን ወደ ተጋራ ፎልደር የሚልኩ የቆዩ ትልልቅ ኮፒ ማሽኖችም የሚጠቀሙበት ኤስኤምቢ 1 የተባለው ስልት ከዊንዶውስ 10 ዘመን ጀምሮ በነባሪነት አይጫንም፤ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት 24ኤች2 ደግሞ የኔትወርክ ግንኙነት ፊርማ እንዲኖረው በነባሪነት ይጠይቃል። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሁለቱ ወገኖች በደኅንነት ደንብ አለመስማማታቸው ብቻ ነው።

ከዝውውሩ በፊት የሚደረግ

ዊንዶውስ 10 ገና ያለ ከሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፒኤንፒዩቲል የተባለው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር መገልበጥ ስለሚችል ያን ፎልደር ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የእያንዳንዱን መሣሪያ የሃርድዌር መለያ ቁጥር መመዝገብም እንዲሁ፤ በኋላ ትክክለኛውን ድራይቨር በማይክሮሶፍት የዝመና ካታሎግ ለመፈለግ ከሞዴሉ ስም ይልቅ ይህ ቁጥር ይበጃል።

ዝውውሩ ከዊንዶውስ 10 በቀጥታ የተደረገ ከሆነ ለ10 ቀናት ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። እኛ ዘንድ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ፎርማት ማድረግ ነው፤ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ በቀጥታ እንዲያሸጋግር አስቀድሞ መንገርና በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ እያንዳንዱን መሣሪያ መሞከር፣ የድሮውን ዊንዶውስ የያዘውን ፎልደርም ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ አለማጥፋት ያስፈልጋል።

አማራጭ 1፦ አጠቃላይ ድራይቨር

ዊንዶውስ 11 ከራሱ ጋር የሚመጡ የፒሲኤል 6፣ የፖስትስክሪፕትና አይፒፒ የተባለው የኔትወርክ ኅትመት ድራይቨሮች አሉት። ፕሪንተሩ ከእነዚህ አንዱን የሚያውቅ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጥገናው ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፣ ዘላቂነቱም ከፍተኛ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 ይፋ ባደረገው ዕቅድ አምራቾች የሚያዘጋጁትን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት ማከፋፈሉን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆምና ወደ አይፒፒ እንደሚያዘነብል ስላስታወቀ፣ ነፋሱ የሚነፍሰው ወደዚህ አቅጣጫ ነው። በኔትወርክ የሚገናኙና ሞፕሪያ ወይም ኤርፕሪንት የሚል ምልክት ያላቸው ፕሪንተሮች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ይሄዳሉ።

ጉድለቱ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ሊጎድሉ መቻላቸው ነው፦ የወረቀት መሳቢያ መምረጫው፣ የቶነር መጠን ማሳያው፣ አንዳንዴም በሁለቱም ገጽ ማተሙ። ዌብካም፣ ኪቦርድና የዩኤስቢ ድምፅ ማጉያ የመሳሰሉትም በዚሁ ዓይነት የጋራ ድራይቨር ስለሚሠሩ በአብዛኛው ምንም አይሆኑም፤ እዚህ ልንቆይባቸው አያስፈልግም።

አማራጭ 2፦ የድሮውን ድራይቨር በአዲሱ ላይ መጫን

ለዊንዶውስ 7 ወይም 8 የተዘጋጀ ባለ 64 ቢት የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ 11 ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይክሮሶፍት የስርጭት ዕቅድም ቢሆን አስቀድሞ የተጫነን ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደን ድራይቨር አይከለክልም። ለሌዘርጄት 1020ና ለኤልቢፒ 2900 ባለቤቶች መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው። ለስካነርም አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፤ ትዌይን የተባለው የስካነር ማገናኛ ባለ 32 ቢት ሆኖ ሲጫን ባለ 64 ቢት ፕሮግራሞች በቀጥታ አያዩትም። ስካነሩ ጠፋ የተባለው ፕሮግራሙ ስላላየው ብቻ ሊሆን ስለሚችል እንደ ናፕስ2 ባለ ሁለቱንም በሚያስተናግድ ነፃ ፕሮግራም ሳይሞከር ተስፋ አይቆረጥበትም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ» የሚሉ ድረ ገጾችና የድራይቨር ጥቅሎች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል፤ ድራይቨር የስርዓቱን ሙሉ ሥልጣን ይዞ የሚገባ ሶፍትዌር ስለሆነ ምንጩ አምራቹ ወይም የማይክሮሶፍት ካታሎግ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ በስሪት 24ኤች2 የመጣውን «የተጠበቀ ኅትመት» የተባለ ቅንብር ያበራ ሰው የአምራቹ ድራይቨሮች በሙሉ ይነሡበታል፤ ነባር ፕሪንተር ያለው ሰው እንዳያበራው።

በስናፕድራገን ፕሮሰሰር የሚሠሩ ላፕቶፖች ለብቻቸው መጠቀስ አለባቸው። ከ2024 ወዲህ ከውጭ አገር ዘመድ በስጦታ ከሚመጡት ላፕቶፖች መካከል እነዚህ ሊገኙ ይችላሉ። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተጻፈ ድራይቨር ባለ 64 ቢት ቢሆንም በእነሱ ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ሊልክ የሚጠይቅ ዘመድ ካለ «ፕሪንተራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጀምር መንገር ይጠቅማል። ፕሪንተሩን ራሱን ከአሜሪካ መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሌዘር ፕሪንተር ማሞቂያ ለ110 ቮልት የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል፤ ኃይል መቀነሻውም ከባድና ውድ ነው።

አማራጭ 3፦ የራሱ ድራይቨር ያለው የስካነር ሶፍትዌር

ቪውስካን የተባለው ፕሮግራም አምራቾቻቸው የተዉአቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ የስካነር ሞዴሎች በዊንዶውስ፣ በማክና ሊኑክስ በተባለው ነፃ ስርዓተ ክወና ላይ ያሠራል። ክፍያ አለው፤ ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ከአገር ውስጥ ለሚከፍል ሰው ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። የነፃ ሙከራው በምስሉ ላይ ምልክት እያተመ ስለሚሠራ ስካነሩ መነሣቱን ሳይከፍሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የፊልምና የፎቶግራፍ ስካነር ላለው ሰው ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም፤ መታወቂያና ደብዳቤ ብቻ ለሚያነሣ ቢሮ ግን አማራጭ 5ን ቢያይ ይሻለዋል።

አማራጭ 4፦ ቨርቹዋል ማሽን

ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስ 11 ውስጥ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ወይም ኤክስፒ እንደ ሁለተኛ ኮምፒውተር ከፍቶ የዩኤስቢ መሣሪያውን በቀጥታ ለእሱ ማስረከብ ይቻላል። ከስሪት 7.0 ጀምሮ የዩኤስቢ 2ና 3 ድጋፍ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ተካቷል። ዋናው ጥቅሙ መሣሪያው ከነሙሉ አገልግሎቱና ከነድሮው ሶፍትዌሩ መቆየቱ ነው። ማስታወቂያ ለሚቆርጥ ፕሎተር፣ ለላቦራቶሪ መለኪያና ሶፍትዌሩ እንደገና ሊገዛ ለማይችል መሣሪያ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለዕለታዊ ኅትመት ግን አድካሚ ነው። ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ወደ ውስጠኛው ዊንዶውስ ማሻገርና ከዚያ ማተም ለአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያዋጣ ሥራ አይደለም። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ የሌለው ኮምፒውተር ይንገዳገዳል፤ የዊንዶውስ 11 የጥበቃ ቅንብሮች በርተው ከሆነም ቨርቹዋል ማሽኑ ይበልጥ ይዘገያል። የውስጠኛው ዊንዶውስ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ኤክስፒ ከ2014፣ ዊንዶውስ 7 ከ2020 ጀምሮ ጥገና ስለማያገኙም የኔትወርክ ካርዱ መዘጋት አለበት። ይህ ከተደረገ ከደኅንነት አንጻር የሚያሳስብ አይደለም።

አማራጭ 5፦ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭኖ አገናኝ ማድረግ

ለአነስተኛ ቢሮ ሚዛን የሚደፋው አማራጭ ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም አይነሣም። የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ያላሟላው፣ ለምሳሌ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለው ወይም ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነው ኮምፒውተር ለመጣል ሲታሰብ፣ ፕሪንተሩን የሚያድነው እሱ ራሱ ነው። ዴቢያን ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባለ የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበት፣ ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ተሰክቶ፣ ከፕስ በተባለው የኅትመት አገልግሎት ለኔትወርኩ ሲጋራ፣ ዊንዶውስ 11 የሚያየው አሮጌውን ዩኤስቢ ፕሪንተር ሳይሆን በአይፒፒ የሚናገር የኔትወርክ ፕሪንተር ነው። በተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የአምራቹ ድራይቨር አይጫንም፤ ከስልክም ማተም ይቻላል። ማይክሮሶፍት ስለ ድራይቨር የሚወስነው ውሳኔም ከዚያ በኋላ ይህን ፕሪንተር አይነካውም።

ሌዘርጄት 1018ና 1020 በዚህ መንገድ ይሄዳሉ፤ ኤች ፒ ለሊኑክስ ያዘጋጀው ኤችፒሊፕ ከተጨማሪ ፋይሉ ጋር ወይም ፉ2ዜድጄኤስ የተባለው ድራይቨር ፈርምዌሩን ይጭንላቸዋል። በስካነር በኩል ሳኔ የተባለው የሊኑክስ ስብስብ በዊንዶውስ 11 የተረሱትን እንደ ካኖን ላይድ 20ና 25 ያሉ ሞዴሎች ዛሬም ይደግፋል። ስካኑን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አድርጎ በተጋራ ፎልደር ማስቀመጥ ቀላሉ አሠራር ነው። ለኤልቢፒ 2900 ግን ሊኑክስ አስቸጋሪ ነው፤ የዚህ ፕሪንተር ባለቤት አማራጭ 2 ላይ ቢጸና ይሻለዋል።

ድካሙ መጀመሪያ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ለዝርጋታው ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ቢኖረው ይመረጣል፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 በ32 ቢት ኮምፒውተር ላይ ስለማይጫን እንዲህ ያለው ኮምፒውተር በስሪት 12 መወሰን ይኖርበታል። ላፕቶፕ ከሆነ ኤሌክትሪክ ያነሰ ይፈጃል፣ ባትሪው ካልሞተም መብራት ሲቋረጥ ዲስኩ አይጎዳም።

አማራጭ 6፦ ከኔትወርክ የተነጠለ የድሮ ኮምፒውተር

ምንም ሳይነኩ የድሮውን ዊንዶውስ ከነመሣሪያው በጥግ ማስቀመጥና ኢንተርኔቱን መንቀል ወጪ የሌለው አማራጭ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ሰነድ የሚመላለሰው በፍላሽ ነው፤ ፎልደሮችን ወደ አቋራጭ ምልክት የሚቀይሩት ቫይረሶች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የተስፋፉትም በፍላሽ ነው። ስለዚህ ደንበኛ የሚያመጣው ፍላሽ መጀመሪያ የተጠበቀው ኮምፒውተር ላይ መፈተሽ አለበት። የድሮው ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱም ስለማይቀር ሙሉ ቅጂው ዛሬውኑ ይወሰድ።

አማራጭ 7፦ ዊንዶውስ 10ን ማቆየት

ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመ የደኅንነት ጥገና እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ አቅርቧል። ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያመሳስል ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለድርጅቶች በኮምፒውተር 61 ዶላር ይጀምርና በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ይህ ሌሎቹን አማራጮች ለማዘጋጀት ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ለድርጅት ደግሞ በሦስት ዓመት የሚከፈለው ድምር ከአንድ አዲስ ፕሪንተር ዋጋ ጋር መነጻጸር አለበት።

አማራጭ 8፦ አዲስ መግዛት

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ በብር ያለው ዋጋ እጅግ ስለናረ «ግዙ» የሚለው ምክር እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ዋጋው ብቻ ሳይሆን ቶነሩም መታሰብ አለበት። ሌዘርጄት 1018ና 1020 የሚጠቀሙበት 12ኤ ካርትሪጅ በአምራቹ ስሌት ወደ 2,000 ገጽ የሚያትም ሲሆን ቺፕ ስለሌለበት በየሰፈሩ ይሞላል። ከአዳዲሶቹ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ግን ካርትሪጃቸው ቺፕ አለው፤ አንዳንዶቹም የሌላ አምራች ቺፕ የያዘ ካርትሪጅ በፈርምዌር ዝመና ጭምር ይከለክላሉ። የፕሪንተሩ ዋጋ ቀንሶ የገጹ ዋጋ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው።

መግዛት ከተወሰነ ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፦ የኔትወርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ አለው ወይ፣ አይፒፒ ወይም ፒሲኤል ያውቃል ወይ፣ ቶነሩ ወይም ቀለሙ እዚሁ ይሞላል ወይ። ዩኤስቢ ብቻ ያለው፣ ገጹን ኮምፒውተሩ የሚያዘጋጅለት አዲስ ፕሪንተር መግዛት ይህንኑ ችግር ለሌላ ጊዜ ቀጠሮ መስጠት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ደኅንነት | ወጪ | ዘላቂነት | የሚጠይቀው ሙያ | ይበልጥ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. አጠቃላይ ድራይቨር | ከፍተኛ | የለም | ከፍተኛ | ትንሽ | ፒሲኤል፣ ፖስትስክሪፕት ወይም አይፒፒ ለሚያውቅ ፕሪንተር |
| 2. የድሮ ባለ 64 ቢት ድራይቨር | ጥሩ፣ ምንጩ ከታወቀ | የለም | መካከለኛ | ትንሽ | ሌዘርጄት 1020፣ ኤልቢፒ 2900 |
| 3. የስካነር ሶፍትዌር | ጥሩ | ክፍያ በካርድ | ጥሩ | ትንሽ | የፎቶና የፊልም ስካነር |
| 4. ቨርቹዋል ማሽን | ጥሩ፣ ኔትወርኩ ከተዘጋ | የሜሞሪና የፈቃድ | ጥሩ | መካከለኛ | ፕሎተርና ልዩ መለኪያዎች |
| 5. የሊኑክስ አገናኝ | ከፍተኛ፣ ከታደሰ | የዝርጋታ ክፍያ | ከፍተኛ | መጀመሪያ ብዙ፣ ከዚያ ጥቂት | ብዙ ተጠቃሚ ያለው ቢሮ፣ የዩኤስቢ ስካነር |
| 6. የተነጠለ ኮምፒውተር | በፍላሽ አጠቃቀም ይወሰናል | የለም | ዲስኩ እስኪሞት | የለም ማለት ይቻላል | አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሥራ |
| 7. ዊንዶውስ 10 ማቆየት | ጥሩ፣ ጊዜው እስኪያልቅ | ከነፃ እስከ ውድ | አጭር | ትንሽ | ዝግጅት ለሚያስፈልገው |
| 8. አዲስ መግዛት | ከፍተኛ | ከፍተኛ | በምርጫው ይወሰናል | ትንሽ | በቀን ብዙ ለሚያትም |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በቤቱ አንድ ፕሪንተር ያለው ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከአማራጭ 1 ወደ 2 በቅደም ተከተል ይሂድ፤ ሁለቱም ካልሠሩና ኅትመቱ በወር ጥቂት ገጽ ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ማተም ከሁሉም ይረክሳል።

በ12ኤ ካርትሪጅ የሚተዳደር የጽሕፈት አገልግሎት ፕሪንተሩን ለመለወጥ አይቸኩል። የገቢው ምንጭ የገጹ ርካሽነት ስለሆነ አማራጭ 2ን ይያዝ፤ የወረደውን ድራይቨር በሁለት ፍላሽ ያስቀምጥ፤ ፕሪንተሩ ሌዘርጄት ከሆነ ደግሞ በእጁ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ሳይሸጥ ለአማራጭ 5 ያቆየው።

ከአምስት በላይ ኮምፒውተርና አንድ ሁለት የዩኤስቢ ፕሪንተር ላለው ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ አማራጭ 5 ከሁሉም ይቀድማል፤ በ2021 የመጣውን የመጋራት ስህተትም አብሮ ይፈታል። የደኅንነት ጥገናን ከየኮምፒውተሩ አስወግዶ ስህተቱን «ማስተካከል» የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህን እንዲያደርጉ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። ኮፒ ማሽኑ ወደ ፎልደር መላክ እምቢ ያለው ቢሮም ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ከመክፈት ይልቅ በማሽኑ ቅንብር ውስጥ በኢሜይል ወይም ኤፍቲፒ በተባለው የፋይል መላኪያ ስልት መላክ መኖሩን ይይ፤ ኤፍቲፒውንም በዚያው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ መቀበል ይቻላል።

ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪና የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ሶፍትዌር ማጣት ስለማይችሉ አማራጭ 4 ወይም 6ን ይምረጡ፤ ነገር ግን የመጫኛ ሲዲው ይዘትና የፈቃድ ቁጥሩ በሌላ ቦታ ሳይገለበጥ ምንም ነገር ፎርማት አይደረግ። የሽያጭ መመዝገቢያና የፊስካል ማተሚያ ያለው ነጋዴ ግን እዚህ የተጻፈውን በእነሱ ላይ አይሞክር፤ እነሱን የሚነካው ፈቃድ ያለው አገልግሎት ሰጪ ብቻ ነው።